በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ታክሲ እነዳለሁ። ዕድሜዬ 43 ነው። ማታ ከሥራ ስገባ ውስኪ ካልቀመስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። መቅመስ ስል ግማሽ ጠርሙስ ማለቴ ነው። ባለቤቴ «ወይ መጠጡን ወይ እኛን ምረጥ» ካለችኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። አንድ ተሳፋሪ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ስለሚገናኙበት ኤኤ ስለሚባል ስብሰባ ነገረኝና ባለፈው ማክሰኞ ሄድኩ። የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። 40 ደቂቃ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ሰው ሲገባ አየሁ፣ ሳልወርድ ተመለስኩ። እንግሊዝኛዬ ለታክሲ እንጂ ለሆድ ጉዳይ አይበቃም። ሐበሻ ቢያየኝስ? ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ሃይማኖት ቀይር ይሉኝ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ 40 ደቂቃ ብቻ? እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሁለት ማክሰኞ እንደዚሁ ተቀምጬ ተመልሻለሁ። በሁለተኛው ቀን እንዲያውም መኪናዬን አስነስቼ በቀጥታ ወደ መጠጥ ቤት ነው የነዳሁት።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጠዋት ስትነሳ እጅህ ይንቀጠቀጣል? ያልብሃል? እንደዚያ ከሆነ ብቻህን በድንገት አታቁም። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ ሊንፈራገጥ፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ሊሞትም ይችላል። ስብሰባው ሕክምና አይደለም። ሐኪም ጋ ሂድና የምትጠጣውን ልክ ሳትቀንስ ተናገር። እኔ «አልፎ አልፎ ነው» ብዬ ዋሽቼ ራሴን ልገድል ነበር።

ኤኤን በፈረንጆች 1935 ኦሃዮ፣ አክሮን ከተማ ውስጥ የጀመሩት ሁለት ጠጪዎች ናቸው። ቢል ዊልሰን የአክሲዮን ገበያ ሰው ነበር። ቦብ ስሚዝ ደግሞ ሐኪም፣ ያውም ቀዶ ጥገና የሚሠራ። እንደሚተረከው፣ ጁን 10 ቀን ጠዋት ቀዶ ጥገና ሊገባ ሲል እጁ እንዳይንቀጠቀጥ አንድ ቢራ ተሰጠው። ያ ቢራ የመጨረሻው ሆነ። ድርጅቱም ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ቀን ነው።

እኔ በሦስተኛው ማክሰኞ ስገባ እጄ አላርፍ ብሎኝ ነበር። ጥግ ላይ ትልቅ የቡና ጋን ነበር (ቡና ካልነው፤ እናቴ ብትቀምሰው ታለቅስ ነበር)። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ምንም ሳይጠይቀኝ ቀዳልኝ። ግን ግማሽ ብቻ። ስስታም መሰለኝ። ኩባያውን ስይዘው ነው የገባኝ። ቢሞላው ኖሮ ሱሪዬ ላይ ይፈስ ነበር። እሱም አንድ ቀን እንደዚያ ሆኖ ገብቷል ማለት ነው።

ውስጥ የሚሆነው ቀላል ነው። ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሰዎች በተራ «እገሌ እባላለሁ፣ የመጠጥ ሱሰኛ ነኝ» ብለው ያወራሉ። ተራው ሲደርስህ «ዛሬ ልስማ ብቻ» ካልክ ማንም አያስጨንቅህም። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ሌላ ቃል አልተናገርኩም። የአባት ስም አይጠየቅም። ቅርጫት ይዞራል፣ አንድ ሁለት ዶላር የሚጥል ይጥላል። አንተ አዲስ ነህና አሳልፈው። መዋጮ ግዴታ አይደለም፣ መመዝገቢያም የለም። ለመግባት የሚፈለገው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው።

«ስፖንሰር ያዝ» ሲሉህ ደግሞ ቪዛ የሚልክ ሰው እንዳይመስልህ። ቀድሞህ ያቆመ፣ ሌሊት ስትደውል ስልክ የሚያነሳልህ ሰው ነው።

ሃይማኖትህን ማንም አይነካም። ቤተ ክርስቲያኑ ክፍሉን ነው የሚያከራየው። ኤኤ በሚከተላቸው 12 እርምጃዎች ውስጥ ፈጣሪ ይነሳል፣ ግን «እኛ እንደተረዳነው» ነው የሚለው። እኔ ጠበሉንም ንስሐ አባቴንም አልተውኩም። ድሮ «ሑዳዴን ሙሉ አልጠጣም፣ ሱሰኛ አይደለሁም» እያልኩ እፎክር ነበር። 55ቱን ቀን ቆጥሬ ቆጥሬ የፋሲካ ሌሊት የሁሉንም አወራርድ ነበር።

ሐበሻ ቢያየኝስ አልክ። ያየህ ሐበሻ እዚያ ምን ሊሠራ መጣ? መሄድ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር አንድ የማውቀው ሐበሻ በሩን ከፍቶ ገባ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። «አንተም?» አለኝ። ማን እንደሆነ አልነግርህም። ዛሬም እቁብ ላይ እንገናኛለን፣ ስለዚያ ክፍል አንድ ቃል ተንፍሰን አናውቅም። የእኔም ስም ከዚህ ዓምድ ላይ የሌለው ለዚሁ ነው። የኤኤ ሰው በጋዜጣና በመጽሔት ማንነቱን አይገልጽም።

ያ ቦታ ካልተመቸህ ሌላ ሞክር። ሁሉም ቡድን የየራሱ ጠባይ አለው። አንዱ ውስጥ ጠበቃና የባንክ ሰው ሞልቶበት ሦስት ጊዜ ሄጄ ተውኩት። ስልክህ ላይ «ሚቲንግ ጋይድ» የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ ጫን። በአቅራቢያህ ያሉትን ከነሰዓታቸው ያሳይሃል። የጠዋትም የምሳ ሰዓትም አለ፣ ለታክሲ ሰው ይመቻል። በዙም የሚደረግም አለ። «ክፍት» የሚለው ላይ ባለቤትህም መግባት ትችላለች። «ዝግ» የሚለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ለእሷ ደግሞ አል-አኖን የሚባል አለ፣ የጠጪ ቤተሰቦች የሚገናኙበት። አንተ አቆምክም አላቆምክም ሄዳ ታውራ። ሦስት ሳምንት ብቻዋን ይዛዋለች፣ ከዚያ በፊት ያለውን አንተ ታውቃለህ።

ማክሰኞ ስብሰባው ከመጀመሩ ሩብ ሰዓት ቀደም ብለህ ድረስ። በሩን የሚከፍተውን ሰው ወንበር ሲዘረጋ ታገኘዋለህ። አግዘው። ወንበር መዘርጋት እንግሊዝኛ አይፈልግም።