መልስ፦ የወረዳ ኮሙኒኬሽን ምን ይሠራል? ወጪውስ ከየት ነው?

ወንድሜ፣ «የወረዳችን ኮሙኒኬሽን ለማን ይሠራል? ስንትስ ያስወጣናል?» ብለሃል። የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቱ ሥራ በወረቀት ላይ ሁለት ነው፤ የመንግሥትን መረጃ ለሕዝብ፣ የሕዝብን ብሶት ለመንግሥት ማድረስ። ከአዲስ አበባው አያት ሰፈር ወዲያ የምንኖረው ግን የምናየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ እሱንም በግማሽ። በወረዳው ግቢ በር ላይ የዓምናው በዓል ባነር ፀሐይ አንጥቶት ተንጠልጥሏል፤ ውኃ የሚጠፋበትን ቀን የሚነግረን ግን የዕድሩ ለፋፊ ነው (ዕድሜ ይስጠው)።

ወጪውን በአንድ ቦታ አትፈልገው። የሠራተኛው ደመወዝ ከመደበኛ በጀት ይከፈላል፤ ባነሩ፣ መጽሔቱና የአየር ሰዓት ግዥው ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ የሕትመትና የማስታወቂያ ወጪ ውስጥ ተበታትኖ ይገኛል። ድምሩ ከዓይን የሚሰወረው ለዚህ ነው። የፌዴራል ተቋማት በጀት በየዓመቱ በነጋሪት ጋዜጣ ይታወጃል፤ የወረዳውን ግን ሄደህ መጠየቅ አለብህ።

አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶሃል። ጥያቄህን በጽሑፍ አስገባ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመታ፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጥህ ይገባል። ዝም ካሉህ ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት በል። ስትጽፍም የሕትመትና የማስታወቂያውን ወጪ ለይተህ ጥቀስ፤ በደፈናው «በጀታችሁን አሳዩኝ» ያለ ሰው ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው።