መርዶ በስልክ ሲመጣ

ሰላም ለናንተ ይሁን።

ማክሰኞ ጠዋት ደሴ ፒያሳ አንዲት ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። ከጎኔ ሁለት ወጣቶች አሉ። አንዱ ስልኩን ወደ ጓደኛው አስጠጋና «ይቺን እያት» አለው። ምስሉን እኔ አላየሁትም፤ ድምፁን ግን ሰማሁት። ጓደኛው የያዘው ሳንቡሳ ግማሹ ተበልቶ እጁ ላይ ቀረ። ቀስ ብሎ ሳህኑ ላይ መለሰው። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ዝም አለ። ሒሳብ ከፍለው እስኪወጡ ድረስ ሳንቡሳዋን አልነካትም።

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች የዚያን ልጅ ዝምታ አስታወሱኝ። ስማችሁን ትቼ፣ ጥያቄውን አሳጥሬ፣ የምችለውን ልመልስ።

«ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ከሦስት ሳምንት በፊት የሠፈራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሰው ሲገደል የሚያሳይ ቪዲዮ ተለቀቀ። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ከፈትኩት። አሁን ዓይኔን ስከድን ድቅን ይልብኛል። ማታ እየባነንኩ እነሳለሁ። ማሽን በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። ሟቹን አላውቀውም፣ እኔ ላይ የደረሰ ነገርም የለም። ታዲያ ምን ሆኜ ነው? ለሰው እንዳልናገር ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ።»

አብሽሪ እህቴ። የሆንሽውን እናቶቻችን በአንድ ቃል ይጠሩታል፦ ቀልብሽ ተገፏል። ሰው ሲገደል አይተሻል። ያየሽው በመስታወት ውስጥ መሆኑን አእምሮሽ ያውቃል፤ ልብሽና እጅሽ ግን አያውቁም። ሰውነት ሲደነግጥ ሩቅ ነው ቅርብ ነው ብሎ አይጠይቅም።

አንድ ጥናት ልንገርሽ። በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ቦስተን ከተማ የማራቶን ሩጫ ላይ ቦምብ ፈነዳ። ተመራማሪዎች በቀጣዮቹ ሳምንታት 4,675 ሰዎችን ጠየቁ። ከፍንዳታው በኋላ ባለው ሳምንት በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ወሬውን በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት ሲከታተሉ የነበሩት፣ ቦታው ላይ ከነበሩት ሰዎች የበለጠ የጭንቀት ምልክት ታየባቸው። እኔ ሲገባኝ ምክንያቱ ይህ ነው። ቦታው ላይ የነበረ ሰው አንዴ ያያል፣ ይሮጣል፣ ሰው ያቅፈዋል፣ ነገሩ ያበቃል። በስልክ የሚያየው ግን ማብቂያ የለውም። የሚሮጥበት ቦታ የለውም፤ የሚያቅፈውም የለም።

ሥራዬ ብለው የሚያዩትም አልቻሉትም። ፌስቡክ ላይ የሚለጠፈውን አሰቃቂ ነገር እያዩ የሚያጠፉ ሠራተኞች አሉ። ናይሮቢ ተቀምጠው የአማርኛውን የሚያጣሩ የአገራችን ልጆችም ነበሩበት። አሜሪካ ያሉት አእምሯችን ተጎዳ ብለው ከስሰው፣ ኩባንያው በ2020 እ.ኤ.አ. 52 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ደመወዝ የሚከፈላቸው እንዲህ ከሆኑ፣ ሳታስቢው ከፍተሽ የደነገጥሽው አንቺ የምታፍሪበት ምክንያት የለም።

አሁን ምን ታደርጊ? ፋይሉን ከስልክሽ አጥፊው። «ደግሜ ባየው ይለቀኛል» የሚል ሐሳብ ቢመጣብሽ አትስሚው። ከግሩፑ ውጪ፤ መውጣት የሚያስቀይም ከሆነ ቢያንስ ድምፁን ዝጊው። የእንቅልፍ መድኃኒት ከፋርማሲ በራስሽ እንዳትገዢ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ሐኪሞች ራሳቸው ከድንጋጤ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር የሚያረጋጉ እንክብሎችን ለእንቅልፍ ብለው እንዳይሰጡ ይመክራል። አብራሽ ከምትሠራው ልጅ ጋር ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡና ንገሪያት። ምስሉን መተረክ የለብሽም። «አንድ ነገር አይቼ እንቅልፍ አጣሁ» ማለት ይበቃል።

ለወደፊቱ ደግሞ ይህን ያዢ። ኦክስፎርድ ውስጥ ኤሚሊ ሆምስና ባልደረቦቿ በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሙከራ አለ። 40 ሰዎች የሚዘገንን ፊልም አዩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግማሾቹ ለ10 ደቂቃ ቴትሪስ ተጫወቱ፤ ያቺ ከላይ የሚወርዱ ቅርፆችን የምንገጣጥምባት ጨዋታ። በሳምንቱ ውስጥ ምስሉ እየተመለሰ የረበሻቸው ካልተጫወቱት ያነሰ ነበር። ዓይን በሌላ ቅርፅ ሲያዝ ምስሉ ሥር ለመስደድ ቦታ ያጣል። የኔ እናት ከለቅሶ ቤት ስትመለስ ሰፌዷን አውጥታ ቀለም በቀለም እየቆጠረች ትሰፋ ነበር። ለምን እንደምታደርገው ጠይቄያት አላውቅም።

ወር አልፎ እንቅልፉ ካልተመለሰ ወይም ሥራ መሥራት ካቃተሽ ሐኪም ቤት ሂጂ። ደሴ ሪፈራል የምንለው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ቦሩ ሜዳም አለ። ጸበሉም ዱዓውም ከሕክምናው ጋር አይጣላም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ወር አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ነው።

«የምኖረው ሐይቅ ነው። የ9 ዓመት ልጄ ስልኬን ይዞ ሲጫወት መጥፎ ቪዲዮ አየ። መጀመሪያ ለምን ነካህ ብዬ ገረፍኩት። አሁን መብራት ሲጠፋ ያለቅሳል። ማታ ደጅ ሽንት ቤት ብቻውን አይሄድም። ተጸጽቻለሁ።»

ጸጸትዎ ጥሩ አባት መሆንዎን ይናገራል። ዛሬ ማታ ልጁን አጠገብዎ ያስቀምጡትና «የመታሁህ ደንግጬ ነው፤ ጥፋቱ ያንተ አልነበረም» ይበሉት። ይህ ካልተነገረው ሁለት ፍርሃት ተሸክሞ ይኖራል፤ አንዱ ያየው፣ ሁለተኛው እርስዎ። ሌላ ጊዜ የሚያስፈራ ነገር ቢያይም አይነግርዎትም።

ከዚያ «ምን አየህ?» ብለው ይጠይቁት። እሱ ከተናገረው በላይ አይጎትጉቱት። መሣል ከፈለገ ይሣል። የዚህ ዕድሜ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀው «ያ ሰውዬ ወደኛ ይመጣል ወይ?» የሚለው ነው። የሆነው የት እንደሆነ፣ ከቤታችሁ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በር የሚዘጋው ማን እንደሆነ በቀላል ቃል ያስረዱት። እንዲህ ያለ ነገር በአካባቢያችሁም ደርሶ ከሆነ አይዋሹት። «አሁን አብሬህ ነኝ» ይበሉት። ለጥቂት ሳምንት ሽንት ቤት አብረውት ይሂዱ፤ መብራቱም ይብራለት። ይለቀዋል። ከወር በላይ ከቆየ፣ ወይም ትምህርት ቤት አልሄድም ካለ፣ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ስልኩን በተመለከተ፣ ቪዲዮ በራሱ እንዳይከፈት ማድረግ ይቻላል። ፌስቡክ ላይ ሴቲንግ ገብተው ሚዲያ የሚለው ውስጥ ኦቶፕሌይን ያጥፉ። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ዳታና ስቶሬጅ የሚለው ቦታ አለ፤ በራሱ ዳውንሎድ የሚያደርገውን ሁሉ ይዝጉት። ካልቻሉ የሠፈር ሞባይል ጠጋኝ በአምስት ደቂቃ ያደርገዋል። ዳታም ይቆጥብልዎታል።

«ወልድያ። ምሳ እየበላሁ የሞተ ሰው ቪዲዮ አያለሁ። ምንም አይሰማኝም። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ጨካኝ ሆኜ ይሆን?»

ጨካኝ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ደንዝዘሃል። እጅ ብዙ ሸክም ሲይዝ እንደሚደነዝዘው ነው። በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ እናንተ ከተማ ገባ። በ2015 ክረምት ደግሞ የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠና ወራት ቆየ፤ ሲመለስ የተጠራቀመው ቪዲዮ ሁሉ አንድ ላይ ወረደብን። ይህን ሁሉ አንድ ልብ ቀጥ ብሎ አይችለውም። ለሁለት ሳምንት አትመልከት። ለቅሶ ቤት ግን ሂድ። ሰው አጠገብ ተቀመጥ፣ እጁን ያዝ። የሚሰማህ እዚያ ነው የሚመለሰው። ሲመለስ ያምምሃል፤ ሲያምህ ደስ ይበልህ።

«አክስቴ ሰው እንዲያዝንና እንዲጸልይ ብላ የሬሳ ፎቶ ለሁላችንም ትልካለች። እንዴት ልንገራት? ከሚሴ።»

ግሩፕ ላይ በፍጹም እንዳትነግሪያት፤ ትሰበራለች። ቡና ስታፈላ ሂጂ። አቦሉን ጠጪ፣ ወሬ አውሩ። ቶናው ላይ «አክስቴ፣ ያንን ፎቶ ካየሁ ወዲህ ሌሊት አልተኛም። ስሙን ብቻ ላኪልኝና ዱዓ ላድርግ» በያት። እንቅልፍ ያጣሽው በሷ ፎቶ መሆኑን ስትሰማ የምትጨክን አክስት ወሎ ውስጥ አላውቅም።

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ደሴ። አትዩ፣ ሼር አታድርጉ ትላላችሁ። ግፉን ካላየነውና ካላሳየነው ማን ይመሰክራል? ዝም ማለት ተባባሪነት አይሆንም?»

ጥያቄህ ትክክል ነው። ወሎ ላይ ሆኖ ይህን ጥያቄ መናቅ አይቻልም። የ1966ቱ ረሃብ ተደብቆ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ ለዓለም የገለጠው የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያሳየው ምስል ነው። በ1977 ጥቅምት ደግሞ ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ኮረም መሐመድ አሚን የቀረፀው፣ ማይክል በርክ የዘገበው በቢቢሲ ታየና እህል መጣ። በዚያ እህል የተረፉ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ።

ግን የመጀመሪያው ፊልም ምን እንደደረሰበት እይ። ደርግ ንጉሡን ከማውረዱ በፊት በነበረው ምሽት ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር አቀጣጥሎ በቴሌቪዥን አሳየው። የወሎ እናት ሬሳ ለሌላ ሰው ጉዳይ ዋለ። ምስል የያዘው ሰው ወደሚፈልግበት ይሄዳል። ካሜራ ፊት የቆሙትን እናቶች ፈቃድ የጠየቃቸው አለ ብዬም አላምንም።

ስለዚህ እኔ ሁለቱን እለያቸዋለሁ። መመስከር ሌላ ነው፣ ማዞር ሌላ። በእጅህ ማስረጃ ካለ ዋናውን ፋይል ሳትቆርጥ አስቀምጠው። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንደቀረፀው ጻፍ። ከዚያ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ወይም ለምታምነው ጠበቃና ጋዜጠኛ ስጥ። በቴሌግራምና በዋትስአፕ እንደ ተራ ቪዲዮ ሲላክ ፋይሉ ይጨመቃል፤ መቼና የት እንደተቀረፀ የሚናገረው መረጃም ይራገፋል። መቶ ግሩፕ የዞረ ቪዲዮ ለፍርድ ቤት ደካማ ምስክር ነው። የሌላ አገር፣ የሌላ ዓመት ቪዲዮ «ትናንት እዚህ የሆነ» ተብሎ ሲመጣም አይተሃል።

ገዳዩ ራሱ የቀረፀው ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። በ2019 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች መስጊድ ገብቶ የገደለው ሰው ግድያውን በቀጥታ አስተላለፈ። ፌስቡክ በ24 ሰዓት ውስጥ ብቻ 1.5 ሚሊዮን ቅጂ አጥፍቻለሁ ብሏል። ሰውዬው የፈለገው ይህንኑ ነበር። እንዲህ ያለውን የሚያዞር ሰው ሳያውቀው የገዳዩን መልእክት እያደረሰለት ነው።

«የምጽፈው ከመርሳ ነው። ወንድሜ ከሞተ አራት ወሩ። መሞቱን ያወቅሁት ፌስቡክ ላይ ነው፤ ገበያ መሃል ቆሜ፣ አስከሬኑን አይቼ። ቪዲዮው አሁንም ይዞራል። እናቴ አላየችውም፤ የያዘችው ያ ቁልፍ ያለው ትንሹ ስልክ ነው። ግን አንድ ቀን ጎረቤት ያሳያታል ብዬ ቀን ከሌት እሠጋለሁ።»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ነፍሱን ይማር።

ልጅ ሆኜ ለአያቴ መርዶ ሲነገራት አይቻለሁ። አጎቴ ሩቅ አገር ነበር የሞተው። ጎህ ሲቀድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች መጥተው ደጅ ቆሙ። ሴቶች ቀድመው ገብተው ግራና ቀኟን ይዘዋል። እሷ ገና ፊታቸውን ስታይ አወቀች። በዚያ ቀን እንዴት እንደሞተ ማንም አልነገራትም። በዓመታት ውስጥ፣ በጠየቀች ቁጥር፣ የጠየቀችውን ያህል ብቻ ነገሯት። የጠየቀችው እሷ ነች፤ ልኩንም የምታውቀው እሷ።

አንተ ግን ተገልብጦ ነው የደረሰህ። አስከሬኑ መጀመሪያ፣ ስሙ ቀጥሎ፣ ሰው መጨረሻ። ግራና ቀኝህን የያዘ አልነበረም። ስለዚህ ያላበቃልህ ነገር አለ። የቅሬያችሁን፣ ማለትም የእድራችሁን፣ አንድ ሁለት ሽማግሌ ለብቻ ጥራና የገበያውን ቀን ንገራቸው፤ የቆምክበትን ቦታ፣ የያዝከውን ዕቃ ሳይቀር። አራት ወር ዘገየ አትበል።

ከዚያ አንድ ነገር ለምናቸው። በእስልምናም በክርስትናም፣ ሬሳ ያጠበና የገነዘ ሰው ያየውን ወጥቶ አያወራም። የቅሬው ሰው ሁሉ ስልክ አሁን ገናዥ ሆኗል። ሽማግሌዎቹ በስብሰባ ላይ «የዚህ ልጅ ምስል በእጃችሁ ካለ አጥፉ፣ ለእናቱም እንዳታሳዩ» ብለው ይናገሩ። ሽማግሌ የተናገረው አንተ ከምትለምነው በላይ ይሰማል። ፌስቡክ ላይ ያለውን ደግሞ እያንዳንዱን ፖስት ለየብቻ ሪፖርት አድርግ፤ የሟች ቤተሰብ መሆንህንም ግለጽ። ራስህ እየፈለግህ አትይ፤ ይህን ሥራ ጓደኛህ ያድርግልህ።

እናትህን በተመለከተ፣ ቪዲዮው መኖሩን ከጎረቤት ከምትሰማ ካንተ ትስማ። አክስትህ አብራችሁ ትቀመጥ። «እናቴ፣ የሚዞር ምስል አለ። እኔ አይቼዋለሁ፤ አንቺ እንድታዪው አልፈልግም። መጠየቅ የምትፈልጊው ካለ እኔን ጠይቂኝ» በላት። የጠየቀችህን ብቻ መልስ።

ወንድምህ እየሳቀ የተነሣው ፎቶ አለህ? ወልድያ ወይም ደሴ ፎቶ ቤት አሳድገህ አሳጥበው፣ ፍሬም አስገባው። በሩ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ፣ እናትህ ጠዋት ስትነሳ የምታየው ቦታ ላይ ስቀልላት።