«ይሄ የሰባ ሰባቱ ነው»

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት የማስተርስ ተማሪ ከደብረ ብርሃን ደወለችልኝ። እዚያው በተጠለሉ ተፈናቃይ ወጣቶች ላይ ጥናት ልትሠራ ነው። በልጅነታቸው የደረሰባቸውን በዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ጠይቃ ከድባቴ ጋር ልታያይዘው። «ሲስተር፣ ነጥቡ ስንት ሲሆን ነው ልጁ ችግር አለበት የምንለው?» አለችኝ።

መልሱ አጭር ነው። እንዲህ የሚባል ነጥብ የለም።

የነጥቡ ነገር የመጣው ከአሜሪካ፣ ከሳንዲያጎ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 ፌሊቲና አንዳ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ከ17 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠየቁ። ድብደባ፣ መደፈር፣ እናት ስትመታ ማየት፣ ጠጪ ቤት ውስጥ ማደግ፣ ሌላም። ለእያንዳንዱ የመከራ ዓይነት አንድ ነጥብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት የመጀመሪያ ውጤት፣ አራትና ከዚያ በላይ ዓይነት መከራ ያለፈበት ሰው ምንም ካላየው ጋር ሲነጻጸር ለአልኮል ሱስ፣ ለድባቴና ራሱን ለማጥፋት ለመሞከር ያለው ተጋላጭነት ከ4 እስከ 12 እጥፍ ነበር። ዓለምን ያስደነገጠው ይሄ ነው። ግን ቁጥሩ የብዙ ሰው ቁጥር ነው። አንዳ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ነጥቡን ለአንድ ሰው መመርመሪያ አታድርጉት ብሎ ጽፏል። አንድ ጊዜ የተመታና ዕድሜ ልኩን የተደበደበ እኩል አንድ ነጥብ ነው የሚያገኙት። አንዱ የምታቅፈው አያት አለችው፣ ሌላው ማንም የለውም። ነጥቡ ይህን አያውቅም።

ይህን ነግሬያት ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ግን መንዝ ትዝ አለኝ።

ለደም ግፊትና ለስኳር ዳሰሳ ወጥተን ነበር። ከጣርማበር ወደ ግራ ታጥፎ በመዘዞ በኩል የሚወጣውን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጉሙ ከመጣ ሾፌሩ የራሱን መኪና አፍንጫ አያይም። እኛም ሁሌ የምንጣደፈው ለዚህ ነበር። ብርዱን አልነግራችሁም። ካልሲ ደርቤ፣ ከቤት ባለቤቶች በተዋስኩት ባና ተጠቅልዬ ነበር መጠይቅ የምሞላው።

አንድ ቤት ሦስት ወንድማማቾች አገኘን። ሦስቱም ጎልማሶች። ግፊታቸውን ለካሁ፣ አመዘንኩ፣ በየተራ የቁመት ሰሌዳው ላይ አቆምኩ። ትልቁ ረጅም ነው። ትንሹም ረጅም ነው። መካከለኛው ጫማውን አውልቆ፣ ተረከዙን አስጠግቶ ቆመ። ተንሸራታቹን አናቱ ላይ አወረድኩት፤ ከሁለቱም በደንብ ዝቅ አለ። ቁጥሩን ለጸሐፊው ስጠራለት እናትየው ከምድጃው ዳር ቀና አሉ።

«ይሄ የሰባ ሰባቱ ነው» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው እማማ?»

«ጡት ያስጣልኩት በዚያ በረሃቡ ዓመት ነዋ። ያቺን የተገኘችውን ለትልቁ ቀድሜ ሰጠሁ። እሱ በግ ይጠብቃላ። ይሄኛው ገና አይናገርም፣ ያለቅሳል እንጂ። እጄ ነው ያሳጠረው።»

ልጁ ከሰሌዳው አልወረደም። ባዶ እግሩን እያየ «ተይ እንግዲህ እናታለም» አለ። ከአነጋገሩ ስሰማው የመጀመሪያቸው አይመስልም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው ነው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ይህ ነገር በመሃላቸው ተቀምጧል።

ቅጹ ላይ ለዚህ ቦታ የለውም። ግፊት፣ ክብደት፣ ቁመት፣ ትምባሆ፣ ጠላ። እኔ ዳር ላይ «የ77» ብዬ ጻፍኩ። ውጭ ክላክስ ይነፋል። በኋላ መረጃ የሚያስገባው ልጅ ደውሎ «ሲስተር፣ ይሄ ኮዱ ስንት ነው?» አለኝ። ኮድ የለውም። ጠፋ።

ከዓመታት በኋላ ዴርኮንና ፖርተር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙትን ጥናት አነበብኩ። ስለ 77ቱ ረሃብ ነው። መነሻቸው የኢትዮጵያ የገጠር ቤተሰቦች ዳሰሳ ነው፤ በዚያ ዳሰሳ ውስጥ ከእኛው ከሰሜን ሸዋ የደብረ ብርሃን ዙሪያ መንደሮችና ወደ አንኮበር ያለችው ዲንኪ አሉበት። የአንድ ቤት ልጆችን እርስ በርስ አነጻጸሩ። ረሃቡ ሲከፋ ከ12 እስከ 36 ወር የነበሩት ሕፃናት አድገው ቢያንስ በ5 ሴንቲ ሜትር አጥረው ተገኙ። አንደኛ ደረጃ የመጨረስ ዕድላቸውም ያነሰ ይመስላል። ጡት የሚተዉበትና አጥንት ቶሎ የሚረዝምበት ዕድሜ ነው። ማለትም እማማ በዓይናቸው ያዩትን ነው በስሌት ያገኙት። አንድ ነገር ብቻ ይጨምራል። የእሳቸው እጅ ቢሆን ኖሮ እሳቸው ቤት ብቻ በሆነ ነበር።

ይህን የነገራቸው የለም። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። የራሳችንን ዳሰሳ ውጤት ይዘን ቀበሌ ለቀበሌ እንመለስ ብለን ጠይቀን ነበር። «በዕቅድ አልተያዘም» ተባልን። ሪፖርቱ አዲስ አበባ ገብቶ መደርደሪያ ላይ ቀረ።

እናንተ በስታታ፣ በስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ፣ ከእኔ ትበልጣላችሁ፣ አልክድም። ግን ስንቱ ጥናታችሁ ነው «ስርጭቱና ተያያዥ ምክንያቶቹ» የሚለው? መረጃ ሰብሳቢ ቀጥሮ፣ ታብሌት አድሎ፣ ካፌ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ እየጠጡ ሰርቨር ሪፍሬሽ ማድረግ ምርምር ሆኗል። አንድም ቤት ሳይገቡ ፒ ቫልዩ፣ ያቺን የስታቲስቲክስ ቁጥር፣ የሚያሳድዱ አይቻለሁ። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ትራውማ ነው። የታክሲ ረዳት መልስ ካስቀረበትም ትራውማ። የእኛ ትውልድ ደግሞ «ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» ይል ነበር፤ እሱም አላዋጣም።

ለተማሪዎቼ ሁሌ የምለው፣ ሰውየውን ለሕክምና የምትልኩበት ቦታ ከሌላችሁ ቁስል አትንኩ ነው። ከአጣዬና ከሸዋ ሮቢት አካባቢ የሸሸን ልጅ «ሰው ሲገደል አይተሃል?» ብሎ ጠይቆ፣ «አዎ» ሲል ምልክት አድርጎ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ማለፍ ነውር ነው። ግን እማማ ያን ቀን ሲሸኙን «እፎይ፣ ቀለል አለኝ» ብለውኝ ነበር። ሰጠኋቸው የምለው ነገር የለም፤ ዝም ብዬ ሰማሁ። ታዲያ አትጠይቁ ልበል? እሱንም አልልም። ሁለቱ አይገጣጠሙልኝም፣ ትቼዋለሁ።

ስለዚህ ያቺም ልጅ ሆነች ሌሎቻችሁ፣ መጠይቁን ከመበተናችሁ በፊት ጤና ጣቢያው ሂዱ። የአእምሮ ጤና ሥልጠና ያለው ነርስ አለ? በሳምንት ስንት ቀን ይገባል? ሲደክመው ወይም ሲዛወር ማን ይተካዋል? ልጁን ማን ይዞት ይሄዳል፣ የባጃጁንስ ማን ይከፍላል? በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት። ውጤቱን ለመጠለያው ሰዎች የምትነግሩበትን ቀንም አብራችሁ ጻፉ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ይህን ሁሉ ላይጠይቃችሁ ይችላል። እኔ ግን ገምጋሚ ሆኜ ከተቀመጥኩ እጠይቃለሁ።