ጄት ሲያርፍ ፍጥነቱን በአፍንጫ ነው ወይስ በስሮትል የምንይዘው?

ከተርቦፕሮፕ (ፕሮፔለር ካለው አውሮፕላን) ወደ ጄት እየተዛወርክ ነው። ሲሙሌተር ላይ ለማረፍ ስትቃረብ ፍጥነትህ አንዴ 10 ኖት ይበልጣል፣ አንዴ 10 ይጎድላል። በአፍንጫ ልያዘው ወይስ በስሮትል (በሞተሩ ጉልበት መቆጣጠሪያ) ነው ጥያቄህ። ወንድሜ፣ እኔም በዚህ ታሽቻለሁ።

በአፍንጫው ግላይድ ስሎፑን (ወደ ማረፊያው የምትወርድበትን መስመር)፣ በስሮትሉ ፍጥነቱን ያዝ። ሁለቱ እንደሚነካኩ አውቃለሁ፤ ክርክሩን ለሌላ ቀን እንተወው።

ጣጣው የጄት ሞተር ቶሎ አለመንቃቱ ነው። ተርቦፕሮፕ ላይ ጉልበት ስትጨምር ፕሮፔለሩ ክንፉ ላይ አየር ነፍቶ ወዲያው ደገፍ ያደርግሃል። ጄት ላይ ያ የለም። አይድል ላይ (በዝቅተኛው ጉልበት) የተኛ ሞተር ሙሉ ጉልበት እስኪሰጥ እስከ 8 ሰከንድ ሊወስድ ይችላል። በ140 ኖት፣ በ3 ዲግሪ ስትወርድ በደቂቃ ወደ 700 ጫማ ነው። በ8 ሰከንድ 90 ጫማ ሄደ ማለት ነው!

እኔ 400 ጫማ ላይ 8 ኖት በልጦብኝ ስሮትሉን ጥርግ አድርጌ ዘጋሁት። ፍጥነቱ ወረደ፣ የምፈልገውንም አልፎ ቁልቁል ሄደ። ደንግጬ ገፋሁት፤ ምንም የለም። ጨመርኩ። ከዚያ ሞተሩ ባንዴ ነቃ፣ አፍንጫው ሽቅብ ተነሳ፣ ሁሉም ተበላሸ። አሰልጣኜ ሲሙሌተሩን አቆመና «መነሻ ቁጥርህ ስንት ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ለክብደትህና ለፍላፕህ (ለማረፍ ከክንፉ ለምትዘረጋው ክፍል) ፍጥነቱን ጸጥ አድርጎ የሚይዝ የሞተር ጉልበት ቁጥር አለ። በኔ አውሮፕላን 55 በመቶ አካባቢ ነበር። እሱን ፈልገህ ያዝ። ፍጥነት ሲጎድል 2 ወይም 3 በመቶ ጨምር፣ ፍጥነቱ ወዴት እየሄደ እንደሆነ የምታሳየው ቀስት ስትዞር ግማሹን መልስ፣ የቀረውን ተወው። ፍጥነቱ እስኪደርስ ከጠበቅክ ዘግይተሃል።

ከማረፊያ ፍጥነትህ በታች ከወረድክ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በዘገየህ ቁጥር የአየሩ መጎተት ይጨምራል፣ ስለዚህ ብዙ ጉልበት ትፈልጋለህ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተከሰከሰው የኤዥያና 214 ቦይንግ 777 ማረፊያ ፍጥነቱ 137 ኖት ነበር፤ ወደ 103 ወርዷል። አውቶ ስሮትሉ (ስሮትሉን በራሱ የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ) ፍጥነቱን እንደማይጠብቅ አብራሪዎቹ አልነቁም፤ 3 ሰዎች ሞቱ።

500 ጫማ ላይ ሞተሩ ገና አይድል ላይ ከሆነ አትሟገት፤ ጎ አራውንድ አድርግ (ማረፉን ትተህ እንደገና ውጣ)። አውቶ ስሮትል ቢሠራም እጅህ ከስሮትሉ አይነሳ። የኔ እስከ ዛሬ አይነሳም፤ ረዳቶቼ ይስቁብኛል።