ሰይፍ የታጠቀ እድር፦ ናይትስ ኦፍ ኮሎምበስ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ካቶሊክ ነኝ፤ ያደግሁት በግዕዝ ሥርዓት ነው። የሐበሻ ቅዳሴ የምናገኘው በወር አንዴ ስለሆነ፣ በሌላው እሁድ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር የምናስቀድሰው ሰፈራችን ባለው የፈረንጅ ቁምስና ነው። ባለፈው ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ፎርም ሰጡኝ። ናይትስ ኦፍ ኮሎምበስ ግባ አሉኝ። ባለቤቴ ስልኳ ላይ ፎቷቸውን ፈልጋ አየች። ሰይፍ፣ ካባ፣ ላባ የተሰካበት ባርኔጣ። «ይሄማ ፍሪሜሶን ነው» አለች። እናቴ አዲስ አበባ ሆና ሰምታ በስልክ አለቀሰች። እኔ ሽማግሌውን ወድጃቸዋለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ሰይፉ እኔንም ደስ አላለኝም። እነማን ናቸው? ሰው ሲያስገቡ ምን ያደርጋሉ? ለእንደ እኔ ያለ የግዕዝ ሥርዓት ምእመንስ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ለባለቤትህ አመስግንልኝ። ምሥጢር አለው የተባለን ማኅበር ሳትጠይቅ ቤቷ የማታስገባ ሴት ጥሩ ጠባቂ ናት። ልክ ያልሆነችው አንድ ነገር ላይ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ሰይፉን ለጊዜው ሰገባው ውስጥ እንተወውና ከሬሳ ሣጥን እንጀምር። የዚህ ማኅበር ነገር የጀመረው እዚያ ነው።

ዘመኑ 1800ዎቹ መጨረሻ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ)። ቦታው ኒው ሄቨን፣ ኮኔቲከት። ካቶሊኩ አብዛኛው ከአየርላንድ የመጣ ስደተኛ ነው። ፋብሪካ ይሠራል፣ ድንጋይ ይሸከማል፣ በወጣትነቱ ይሞታል። አባወራው ሲሞት ቤቱ አብሮ ይፈርሳል። ኪራይ የለም፣ ደመወዝ የለም፣ ጡረታ የለም። ልጆቹ ለዘመድ ይከፋፈላሉ ወይም ማሳደጊያ ይገባሉ።

በዚያ ከተማ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ማይክል ማክጊቭኒ የሚባል ወጣት ቄስ ነበር። ይሄን ነገር ከመጽሐፍ አይደለም ያወቀው። አባቱ ዋተርበሪ ውስጥ ናስ የሚያቀልጥ ሠራተኛ ነበር። እሱ የ13 ልጆች ታላቅ ነው፤ ስድስቱ በሕፃንነታቸው ሞተዋል። ሞንትሪያል ዘርአ ክህነት (የካህናት ትምህርት ቤት) እያለ በ1873 አባቱ ሞተ። ትምህርቱን አቋርጦ ወደ እናቱ ተመለሰ። ኋላ ጳጳሱ ረድተውት ባልቲሞር ጨረሰና በ1877 እዚያው ካቴድራል ክህነት ተቀበለ። ባልቲሞር ላንተ ጎረቤት ናት፤ ልጆችህን ይዘህ ካቴድራሉን ማየት ትችላለህ።

ኒው ሄቨን ሳለ ዳውንስ የሚባል ቤተሰብ አባት ሞተ። ፍርድ ቤቱ ለልጆቹ ዋስ ካልቀረበ አልለቅም አለ። እናትየዋ አቅም የላትም። በ1882 መጀመሪያ ቄሱ ችሎት ቀርቦ ከልጆቹ ላንደኛው፣ ለአልፍሬድ፣ ሞግዚት ሆነ። እንግዲህ አስበው፤ አንድ ቄስ የስንቱን ልጅ ሞግዚት ይሆናል? መፍትሔው ሌላ መሆን ነበረበት፤ እሱም ከዚህ ችሎት በፊት መፈለግ ጀምሮ ነበር።

መፍትሔው ምን እንደነበር ሐበሻ ሳይነገረው ያውቃል። እድር ነው። ወንዶቹ ይሰባሰባሉ፣ ያዋጣሉ፣ አባል ሲሞት ለሚስትና ለልጆች ይሰጣል። ማክጊቭኒ መጀመሪያ አዲስ ማኅበር ማቋቋም አልፈለገም ነበር። ቦስተንና ብሩክሊን ሄዶ በዚያ ያሉ የካቶሊክ መረዳጃዎች ቅርንጫፍ እንዲከፍቱለት ጠየቀ፤ አልሆነም። ስለዚህ ጥቅምት 2 ቀን 1881 የቅድስት ማርያም ምድር ቤት ውስጥ የሰፈሩን ወንዶች ሰበሰበ። ዕድሜው 29 ነው። መጋቢት 29 ቀን 1882 ከክፍለ ግዛቱ ሕጋዊ ፈቃድ አገኙ።

ታዲያ ሰይፉ ከየት መጣ? በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ወንድ ሁሉ የሆነ ማኅበር ነበረው። አብዛኞቹ የምሥጢር ሰላምታ፣ ካባ፣ መሐላ ነበራቸው፤ ብዙዎቹም ኢንሹራንስ ይሰጡ ነበር። ካቶሊኩ ወጣት ለኢንሹራንሱም ለሞቅታውም ብሎ እዚያ ይገባል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ከቅዳሴ ይቀራል። ማክጊቭኒን ያስጨነቀው አንዱ ነገር ይሄ ነበር። ስለዚህ ሥነ ሥርዓቱን የፈለገ ወጣት እቤቱ፣ እቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እንዲያገኘው አሰቡ። ቄሱ «የኮሎምበስ ልጆች» እንባል አለ። የእርስ በርስ ጦርነቱን የተዋጋ ጄምስ ሙለን የሚባል አባል ግን «ናይትስ» ይሻላል አለ፤ ክብርና ሥርዓት አለው። ናይት ማለት በድሮው አውሮፓ በቃል ኪዳን የታሰረ ፈረሰኛ ጦረኛ ነው። የሙለን ሐሳብ አለፈ። እሱም የመጀመሪያው ጠቅላይ አለቃቸው ሆነ፤ በ1883 የጸደቀውን አርማ የነደፈውም እሱ ነው። መስቀል፣ በላዩ ጋሻ፣ ጋሻው ላይ መልሕቅ፣ አጭር ሰይፍና በመጥረቢያ ዙሪያ የታሰረ የበትር ነዶ። መልሕቁ የመርከበኛው፣ ሰይፉ የፈረሰኛው፣ ነዶው የሥልጣን ምልክት ነው።

ኮሎምበስ ለምን? ዛሬ ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው ፊቱን ያጠቁራል፤ ምክንያትም አለው። የነባሩ ሕዝብ መከራ ከዚያ ስም ጋር ተያይዟል። ማኅበሩ ዛሬ ቢቋቋም ይህ ስም የሚመረጥ አይመስለኝም። በ1882 ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ካቶሊክ እንደ መጤ፣ እንደ ከዳተኛ ይታይ ነበር። ያው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሀብታሞቹን ጎዳና አበላሸ ብሎ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በ1879 ጽፏል። እነሱም በዚህ ስም «አሜሪካኖች የምታከብሩት መርከበኛ ካቶሊክ ነበር፤ እኛም ባዳ አይደለንም» ማለታቸው ነው።

አሁን ወደ ባለቤትህ ጥያቄ። ፍሪሜሶን አይደሉም። እንዲያውም በተቃራኒው ወገን ነው የቆሙት። ቤተ ክርስቲያን ካቶሊክ ፍሪሜሶን እንዳይሆን ከ1738 ጀምሮ ከልክላለች። በ1983 በያኔው ካርዲናል ራትዚንገር (ኋላ ፖፕ ቤኔዲክት 16ኛ በሆኑት) ፊርማ የወጣው መግለጫም አላሻሻለውም፤ የገባ ሰው ከባድ ኃጢአት ላይ ነውና ቅዱስ ቁርባን መቀበል አይችልም ይላል። ናይትስ ኦፍ ኮሎምበስ ግን የተወለደው በቄስ እጅ፣ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ፣ በሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ይሁንታ ነው። አባል ለመሆን 18 ዓመት የሞላው፣ ከሮም ጋር ኅብረት ያለውና እምነቱን የሚኖር ካቶሊክ ወንድ መሆን ያስፈልጋል። ካውንስል የሚሉት የየቁምስናው ቅርንጫፍ የነፍስ አባት ካህን አለው። መሥራቹ ራሱ ጥቅምት 31 ቀን 2020 ሃርትፎርድ ካቴድራል ውስጥ ብፁዕ ተብሏል፤ ቅዱስ ከመባል በፊት ያለው ማዕረግ ነው።

ባለቤትህ ግን አንድ ነገር ላይ ትክክል ናት። ምሥጢር ነበራቸው። ዲግሪ የሚሏቸው ደረጃዎች አሉ (የዩኒቨርሲቲው እንዳይመስልህ)። አንደኛው ፍቅርና ምጽዋት፣ ሁለተኛው አንድነት፣ ሦስተኛው ወንድማማችነት። አራተኛው፣ በ1900 የተጨመረው፣ አገር መውደድ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ያልገባ ሰው አያየውም፣ የገባም አያወራም። ሚስት እንኳ ውጭ መኪና ውስጥ ነበር የምትጠብቀው።

ይህ ምሥጢር ብዙ ዋጋ አስከፍሏቸዋል። በ1910ዎቹ ጠላቶቻቸው «የአራተኛው ዲግሪ መሐላ» የሚል የፈጠራ ወረቀት አሳትመው በተኑ። ፕሮቴስታንቶችን ለማረድ ይምላሉ ይላል። በ1913 በአንድ የፔንሲልቬንያ የምርጫ ክርክር ወረቀቱ እንደ ማስረጃ ተያይዞ የአሜሪካ ምክር ቤት መዝገብ ላይ ታተመ። የምክር ቤቱ ኮሚቴ ሐሰት ነው ብሎ ቢያወግዘውም፣ ሰዎች መዝገቡን ብቻ እየጠቀሱ «ይኸው መንግሥት ያተመው» እያሉ ለዓመታት አዞሩት። ዛሬ ባለቤትህ ስልክ ላይ ካገኘቻቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ወረቀት ቢሆን አይገርመኝም። በር ዘግተህ የምትሠራው ነገር በጎ ቢሆን እንኳ ውጭ የቆመ ሰው የፈለገውን ይሞላበታል።

ከጥር 2020 ወዲህ በሩ ተከፍቷል። ሦስቱ ዲግሪዎች ባንድ ሥርዓት ተጠቃለዋል። የሚደረገውም በአብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ቤተሰብና ምእመን እያየ ነው። እኔ ባለፈው ዓመት ተጋብዤ ገብቼ ነበር። አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ባሏ ከሌሎች አምስት ወንዶች ጋር ፊት ቆሟል። ጸሎት ተደረገ፣ ስለ ሦስቱ ነገሮች አጠር ያለ ትምህርት ተሰጠ፣ ቃል ገቡ፣ ለእያንዳንዳቸው መቁጠሪያ ተሰጣቸው። ሕፃኑ መቁጠሪያውን ከአባቱ እጅ ነጥቆ አፉ ውስጥ ከተተው። አንድ ሰዓትም አልፈጀም። እውነቱን ለመናገር ሰው እንደሚያወራው የሚያስፈራ ነገር ስጠብቅ ነበር፤ የጽዋ ማኅበር አባል ስንቀበል ከምናደርገው ብዙም አይርቅም። በመጨረሻ በላቲን «ቪቫት ጄሱስ» ይባባላሉ፤ ኢየሱስ ለዘላለም ይኑር ማለት ነው።

ካባና ላባው የአራተኛው ዲግሪ ሰዎች የክብር ዘብ ሲቆሙ የሚለብሱት ነበር፤ ጳጳስ ሲመጣ፣ አባል ሲቀበር። የላባው ቀለም ማዕረግ ይናገራል። በ2017 ማኅበሩ ልብሱን ቀየረ። ሰማያዊ ኮት፣ ግራጫ ሱሪ፣ ቤሬት ቆብ። ሽማግሌዎቹ ክፉኛ ተናደዱ። የማውቃቸው አንድ አባት «የጀልባ ሾፌር አስመሰሉን» እያሉ እስካሁን ያማርራሉ። እኚሁ ሰው አንድ የሜሮን ቀን በድሮው ልብስ ዘብ ቆመው አይቻቸዋለሁ። ሰይፋቸው ከመንበርከኪያው ጋር እየተጋጨ ቅዳሴውን ሙሉ ሲንቀጫቀጭ ነበር። በኋላ አዳራሽ ስንወርድ ባርኔጣቸውን ፍሪጅ ላይ ገልብጠው አስቀምጠው፣ ሽርጥ አስረው ትልቅ ድስት ያጥባሉ። ልጆች ባርኔጣው ውስጥ ከረሜላ ሞልተውበታል። ሰይፉ እንዲያው ጌጥ ነው። የእኛ ሰው በበዓል ቀን ጎራዴ ይዞ ሲፎክር ማንንም እንደማይቆርጠው ማለት ነው። ባይኖር ይሻል ነበር ወይ ብትለኝ፣ ቅዳሴ ውስጥ ሰይፍ እኔንም አይመቸኝም። ግን እምነትን የሚነካ ነገር አይደለም፤ ጣዕም ነው። ደግሞ አራተኛ ዲግሪ ግባ ብሎ የሚያስገድድህ የለም።

ዛሬ ምን ይሠራሉ? በዓለም ዙሪያ ከ2 ሚሊዮን በላይ አባላት አሏቸው። በክረምት ለድሃ ልጆች ኮት ይገዛሉ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች ገንዘብ ያሰባስባሉ። በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ ዓሣ ጠብሰው ይሸጣሉ። (ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ከእናትህ ጋር በስልክ እንዳትጀምር፤ አያልቅም።) እድሩም አለ። ግን አድጎ ትልቅ የኢንሹራንስ ድርጅት ሆኗል። አባል ስትሆን ወኪላቸው ሊደውልልህ ይችላል። መግዛት ግዴታ አይደለም። ካማረህ እንደማንኛውም ኢንሹራንስ ዋጋውን አወዳድረህ ግዛ፤ «የቤተ ክርስቲያን ነው» ብለህ ሳታነብ አትፈርም።

ስለ ሥርዓታችን ለጠየቅኸው፣ ይፈቀድልሃል። የሚጠየቀው ከሮም ጋር ያለህ ኅብረት ነው። ላቲን መሆን አያስፈልግም። ዩክሬን ውስጥ የምሥራቅ ሥርዓት ካቶሊኮች አባል ሆነውበታል። እዚያ ስትገባም የግዕዝ ሥርዓት ልጅነትህ አይቀየርም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በወር አንዴ ያለችው የሐበሻ ቅዳሴ ከካውንስሉ የፓንኬክ ቁርስ ጋር አንድ ቀን ትውላለች፤ መዋሏ አይቀርም። ያን ቀን ወዴት እንደምትሄድ ከአሁኑ ወስን። ልጆችህ «እግዚኦ ተሣሃለነ»ን የሚሰሙት እዚያች ቅዳሴ ላይ ብቻ ነው፤ ፓንኬኩ ሌላ ቀንም ይደርሳል።

ሌላም ልጠይቅህ። ስንት ሥራ ነው የምትሠራው? ሁለት ከሆነ፣ ማታ ማታም ስብሰባ ከጨመርክ ባለቤትህ የምትጣላው ከሰይፉ ጋር ሳይሆን ካንተ ጋር ነው። ማክጊቭኒ ማኅበሩን ያቋቋመው ቤት እንዳይፈርስ ብሎ ነበር። እሱ ራሱ ግን በሥራ ብዛት ተዳክሞ በ1890 በሳንባ ምች ሞተ፤ ገና 38 ዓመቱ ነበር።

ስለዚህ ፎርሙን ቶሎ አትሙላ። ሽማግሌውን ቡና ጥራቸው፤ ባለቤትህ ሰይፉን ራሷ ትጠይቃቸው። ከዚያ ለሌሎች አባላት የሚደረገውን የመቀበያ ሥርዓት ቤተሰቡ ሁሉ ሄዶ ይይ። ለእናትህ ደግሞ ደውልና «እማዬ፣ እድር ነው» በላት። ምን ያህል ነው የሚከፈለው ብላ ከጠየቀችህ ተረጋግታለች ማለት ነው።