መልስ፦ መጀመሪያ ጠረጴዛውን አዙሪው

እህቴ፣ 3 በ3 የሆነችውን ክፍል ቢሮ ልታደርጊያት አስበሽ፣ ከሰዓት በኋላ ግን ሙቀቱና የስክሪኑ ነጸብራቅ አላሠራ እንዳለሽ ጽፈሻል። ቀለም ከመግዛትሽ በፊት ጠረጴዛውን አዙሪው።

አሁን ያስቀመጥሽው በምዕራቡ መስኮት ሥር ነው። ባሕር ዳር ላይ፣ ያውም በመጋቢትና በሚያዝያ፣ እዚያ መዋል ምጣድ ላይ እንደ መቀመጥ ነው። ከተማችን ከጣና በስተደቡብ ስላለች ወደ ሐይቁ የሚያየው ሁለተኛው መስኮትሽ ሰሜን ነው። ፀሐይ አብዛኛውን ዓመት ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በዚያ በኩል የሚገባው ብርሃን ለስላሳ ነው። በክረምት ወደ ሰሜን ብትዞርም ደመናው ይሸፍናታል። ታዲያ ፊትሽን ወደ መስኮቱ አታድርጊ፤ በግራሽ ይሁን። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ ስንቱን ቀን ታንኳ ስቆጥር ዋልኩ መሰለሽ!

ለምዕራቡ ወፈር ያለ መጋረጃ ይበቃል። ማታ መብራት አብርተሽ የምትሠሪ ከሆነ ግን መስኮቶቹ ላይ ወንፊት አስመቺ። የሐይቅ ዳር ትንኝ ምሕረት አያውቅም።

መደርደሪያውን ከግድግዳው አራት ጣት ያህል አርቂው። ባለፈው ክረምት አጣብቄው መጻሕፍቴ ሻገቱብኝ።

ለማስጌጫ ብዙ ብር አታውጪ። ከሐይቁ ዳር አንዲት ትንሽ የደንገል ታንኳ ገዝተሽ መደርደሪያው ላይ ጣል አድርጊ። ሙዳይ ደግሞ ለቻርጀርና ለፍላሽ ግሩም ነው፤ ክዳን ስላለው ዝርክርኩን ይሸፍናል። የፕላስቲክ አበባውን ግን ተዪው፣ አቧራ ከመሰብሰብ ሌላ ጥቅሙ አልታየኝም።