የአያት ቤልጅግ፣ ባዶ ቀለህና የሞረድ ጉዳት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ከአያትህ የወረስከው ቤልጅግ፣ ያ የድሮ የቤልጅየም ጠበንጃ፣ ድሮ ከጋራ ጋራ ይመታ ነበር፤ አሁን መቶ ሜትር ላይ እንኳ ይስታል። የፋብሪካ ጥይት ስለጠፋ ባዶ ቀለህ፣ ማለትም የተተኮሰ ጥይት የናስ ቅርፊት፣ ራስህ ባሩድ ሞልተህ ልትሞክር አስበሃል። ከጥያቄህ ሥር «ይቻላል፣ ና አሳይሃለሁ» ብለው የጻፉልህን ሰዎችም አነበብኩ። እባክህ አትስማቸው። እኔም የቢቸና ልጅ ነኝ። የአያቴ ቤልጅግ ዛሬም ቤቴ አለ፣ ስለዚህ የምነግርህ የሰማሁትን ወሬ አይደለም።

አንደኛ፣ ቀለህ መሙላቱን ተወው። ውጭ አገር ፈቃድ ያላቸው የዒላማ ተኳሾች ይሠሩታል፣ ሩቅም ይመቱበታል። የሚመቱት ግን እያንዳንዱ ጥይት ከጎኑ ካለው ጋር ቁርጥ አንድ ስለሆነ ነው። ባሩዱን የሚመዝኑት ከአንድ ግራም መቶኛ ባነሰ ልዩነት ነው። የቀለሁን ርዝመት ይለካሉ፣ እርሳሱ፣ ማለትም ተወንጭፎ የሚወጣው የጥይቱ ጫፍ፣ ቀለሁ ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ይለካሉ። የባሩዱ ዓይነትም የታወቀ ነው፣ ልኩም በሠሪው ተፈትኖ የታተመ ነው። እኛ ጋ የሚደረገው ምንድን ነው? የክላሽ ጥይት ፈቶ ባሩዱን ቤልጅግ ቀለህ ውስጥ መገልበጥ! የክላሽ ባሩድ ለትንሽ ቀለህ የተሠራ ስለሆነ ቶሎ ይነዳል። የቤልጅግ ቀለህ ደግሞ ሰፊ ነው። ያን ሞልተህ ቃታ ስትስብ ብረቱ ፊትህ ላይ ይፈነዳል። ትክክለኛው የፋብሪካ ጥይት እንኳ ሲተኮስ የሚፈጥረው ግፊት ከአየር ግፊት 3000 እጥፍ በላይ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን አስበው።

ቀለሁም ራሱ አይታመንም። የብዙ የድሮ ጥይት ማቀጣጠያ ሜርኩሪ ነበረበት፤ ሜርኩሪ ደግሞ ናሱን ያሰባብረዋል። ላዩ ሲወለወል ያምራል፣ አንገቱ ግን የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። «የስምንት ሚሊ ሜትር እርሳስ ነው፣ ይሆንሃል» የሚልህንም አትመን። ስምንት የሚባለው አንድ አይደለም። የጀርመኑ የ1888 እ.ኤ.አ. እርሳስ 8.08 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ኋላ የመጣው 8.2 ነው። የፈረንሳዩ ሌቤል ጠበንጃም፣ የኦስትሪያው ምንሽርም ስምንት ይባላሉ፤ ቀለሃቸው ግን ፍጹም ሌላ ነው። ዘመድህ ቤት ውጅግራ፣ ያ ከቤልጅግ የቀደመ የፈረንሳይ ጠበንጃ፣ ካለ ደግሞ እሱን ጭራሽ አትንካው። የተሠራው በጥቁር ባሩድ ዘመን፣ ለ11 ሚሊ ሜትር እርሳስ ነው። የዛሬ ባሩድ አይችልም። ይህን ሁሉ ብትተወው እንኳ ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት በሕግ ያስጠይቃል። አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን ፈልገህ አንብበው።

ሁለተኛ፣ ቤልጅግህ የሚስተው በጥይቱ አይመስለኝም። አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙረህ በኋላ በኩል እይ። መጀመሪያ ግን መቀርቀሪያውን አውጣና ባዶ መሆኑን በጣትህ ዳስሰህ አረጋግጥ። ውስጡ ያሉት ጠመዝማዛ ቦዮች ጥርት ብለው ከታዩህ ደህና ነው። ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብና ሸካራ ነገር ካየህ ጨው በልቶታል። አዎ፣ ጨው። የድሮ ጥይት በተተኮሰ ቁጥር ከማቀጣጠያው የሚቀር ጨው አለ። ጨው ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። የእኛን ክረምት ታውቀዋለህ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ቤት ውስጥ ያለ ብረት ሁሉ ያልበዋል። አባቶቻችን ቅቤ ወይም ዘይት ይቀቡት ነበር። ዘይት ጨው አያሟሟም፣ ላዩን ይሸፍነዋል እንጂ፤ ጨውም ሥር ሥሩን ብረቱን ይበላል። ጨው የሚሟሟው በውኃ ነው። የፈላ ውኃ በአፈሙዙ አሳልፍበት፣ በዘንግ ጨርቅ እየከተትክ እስኪደርቅ ጥረገው፣ ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት በስሱ ቀባው። ጠበንጃ ላይ ውኃ ሲፈስ ያዩ ሽማግሌዎች ጮኸውብኛል፣ አንተም ላይ ይጮኻሉ። ግድ የለም። ከቆዳ አፎቱም አውጣው፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ይቀመጣል። ጨርቅ ላይ አስቀምጠው።

ሦስተኛው የብልሃተኛ ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ልቤ ይቃጠላል። እኔ ሥራ ላይ ውጭ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ብረቱ ዝጓል ብሎ ለአንድ የጠበንጃ ጠጋኝ ሰጠው። ሰውየው «አሳምሬ አዲስ አደርገዋለሁ» አለ። አሳመረውም! በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ እንደ መስታወት አብለጨለጨው። ስመጣ ወስጄ አየሁት። ላዩ ላይ ተቀርጾ የነበረው የአንበሳ ምልክት ጠፍቷል። ጎኑ ላይ የተቀረጸው ቁጥርም ጠፍቷል፣ የአንዱ አሃዝ ጭራ ብቻ ቀርታለች። አያቴ በአርበኝነት ዘመን ይዞት የዞረ ብረት ነው። ሰውየው ገንዘቡን ተቀብሎ «ያምራል አይደል?» አለኝ።

ከዚያ የምዝገባው ጣጣ መጣ። ቢሮው ሄድኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳያየኝ «ቁጥር የሌለው አንመዘግብም» አለ። ታሪኩን ልነግረው ስጀምር «ቁጥር ያጠፋ ሰው የሚያወራው ሁሉ ይህን ነው» አለ፣ ሰው ፊት። የቀበሌ ደብዳቤ ይዤ ተመለስኩ፣ ማኅተሙ ደብዝዟል ተባልኩ። ማኅተሙን አስደምቄ መጣሁ፣ ኃላፊው ስብሰባ ነው ተባልኩ። አባቴ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ በረንዳው ላይ ቆመው ሲጠብቁ አንድ ሰው እንኳ «ይቀመጡ» አላላቸውም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ያዳነን ምን መሰለህ? እንዲህ ያለ ጠበንጃ ላይ ቁጥሩ አንድ ቦታ ብቻ ላይሆን ይችላል። መቀርቀሪያውን አውጥቼ በባትሪ አየሁት፤ እጀታው ሥር ተቀርጿል። እንጨቱን ፈትቼ አፈሙዙን ከሥር ሳየው እዚያም አለ፣ በቅባትና በጥላሸት ተሸፍኖ። ሰውየው እንጨቱን ስላልፈታው ሞረዱ አልደረሰበትም። ጨርቅ በነጭ ጋዝ አራስኩና ቀስ ብዬ ጠረግኩት፣ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሁለቱ አንድ ናቸው፤ የቀረችው የአሃዝ ጭራም ከመጨረሻው አሃዝ ጋር ገጠመች። ፎቶ አንስቼ፣ አትሜ፣ ጠበንጃውንም ይዤ ሄድኩ። ያው ጸሐፊ ዝም ብሎ ጻፈ። ይቅርታ አላለም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ወረቀቱን ለአባቴ ሰጠኋቸው፣ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ስለዚህ አንተ ዛሬ ማታ ጥይት አትፍታ፣ ለጠጋኝም አትስጥ። ወረቀት ከሌለህ ከነገ ጀምር፤ የቀበሌው ደብዳቤ ላይ ማኅተሙ ደምቆ መታተሙን እዚያው ቆመህ እይ። ጽዳቱን ጨርሰህም ቦዮቹ ተበልተው ካገኘሃቸው፣ ያ አፈሙዝ በምንም ጥይት አይመለስም። አትተኩሰው፣ የአያትህ ቅርስ አድርገህ አኑረው። ቁጥሩ የት እንደተቀረጸ ከጠፋህ የመቀርቀሪያውን እጀታና የአፈሙዙን ሥር ፎቶ አንሳና በውስጥ መስመር ላክልኝ። እዚህ ሁሉ ሰው የሚያየው ቦታ ላይ ግን ቁጥሩን አትለጥፍ።